የፖለቲካ ሳይንስ ተምሬ የት ልግባ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎች፣ ከተመራቂዎችና ከአንድ አባት የደረሱንን ጥያቄዎች መልሰናል። በተግባር ልምምድ (ብዙዎቻችሁ እንደምትሉት በኢንተርንሺፕ) ላይ ረዘም ያልነው አብዛኛው ተማሪ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ክፍላችን «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ሰጠኝና አዲስ አበባ ሄጄ ለአራት መሥሪያ ቤቶች አስገባሁ። አንደኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሁሉም «እንደውልልሃለን» አሉኝ፤ የደወለልኝ ግን የለም። ስህተቴ ምን ላይ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የጎዱህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የደብዳቤው አድራሻና የሄድክበት ወቅት።

«ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲደርስ የሚመለከተው ሰው አይገኝለትም። ብዙ ጊዜ ወደ ሰው ሀብት ይመራል። ሰው ሀብት ደግሞ የትኛው የሥራ ክፍል ተለማማጅ እንደሚፈልግ ስለማያውቅ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ደብዳቤ ከማጻፍህ በፊት ደውለህ ወይም በአካል ሄደህ የምትፈልገውን ዳይሬክቶሬት ወይም ቋሚ ኮሚቴ ትክክለኛ ስም ያዝ። ከዚያ ትምህርት ክፍሉ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በስሙ እንዲጽፍልህ ጠይቅ። ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ነገሮች ይግቡ፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኛው የሥራ ክፍል። ይህ ከሌለ ደብዳቤው የሚመራለት ኃላፊ «መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ለመጠየቅ ስልክ አያነሳም፤ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል።

ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። አንዱን ገቢ አድርገህ በሌላው ላይ የገቢ ማህተምና ቁጥር አስመታ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን ይዘህ መዝገብ ቤት ተመለስና «ለማን ተመራ?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ ጉዳይህ ከመዝገብ ቤት ጋር ሳይሆን ከተመራለት ሰው ጋር ነው። ብዙ ተማሪ ደብዳቤ ማስገባትን የጉዳዩ መጨረሻ አድርጎ ያስባል፤ ዋናው ሥራ ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ የራስህን ጽሑፍ አያይዝ። «ልምድ ለመቅሰም እፈልጋለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጣው። ኃላፊው ያንን ሲያነብ የሚታየው ወንበር፣ ኮምፒውተርና አንተን የሚከታተል ሰው የማዘጋጀት ጣጣ ነው። በምትኩ ልትሠራለት የምትችለውን ሥራ ጻፍለት። ለአንድ ቋሚ ኮሚቴ ለምሳሌ እንዲህ ልትል ትችላለህ፦ ተጠሪ መሥሪያ ቤቶች ከሚያቀርቡት ሪፖርት ውስጥ ዕቅዱንና ክንውኑን ለይቼ በአንድ ሠንጠረዥ አወጣለሁ፤ ረቂቅ አዋጅ ሲመጣ ከነባሩ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ አወዳድሬ የተለወጠውን ብቻ በሁለት ገጽ እጽፋለሁ፤ የስብሰባ ቃለ ጉባዔ በማግስቱ አደርሳለሁ። ሦስት ሥራ ይበቃል። አሥር ብትዘረዝር አንዱንም እንደማትችለው ይታሰባል።

አሁን ወደ ወቅቱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የዓመቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። አንተ የሄድከው ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ባለበት ወቅት ነው። ለእዚያ የሚሻለው ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ መሥሪያ ቤቶች የ9 ወር አፈጻጸማቸውን ያቀርባሉ፣ ከዚያ የበጀት ውይይቱ ይከተላል፣ የሚሠራ ሰውም ያጥራል። በአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሰኔን ሽሽ። የበጀት ዓመቱ ስለሚዘጋ ለተማሪ ጊዜ ያለው ሰው የለም። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ የዓመቱ ዕቅድ ለየክፍሉ ሲከፋፈል ተለማማጅ የሚሠራው ሥራ ይገኛል። አዲስ አበባ የመኖሪያ ወጪ የሚከብድህ ከሆነ የክልል ምክር ቤት ጽሕፈት ቤቶችን አትናቃቸው። ሥራው ተመሳሳይ ነው፣ ተለማማጁም ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሰኔ ተመርቄአለሁ። ሕልሜ የተባበሩት መንግሥታት ወይም የአፍሪካ ኅብረት ነው። ከሃያ በላይ ማመልከቻ ልኬ አንድም መልስ አላገኘሁም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው «የማስፈጸሚያ ክፈዪና የኢንተርንሺፕ ቦታ አለ» ብሎ ጻፈልኝ። (ከአዲስ አበባ፣ ሴት ተመራቂ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ገንዘቡን እንዳትልኪ። የተባበሩት መንግሥታት በማመልከቻ፣ በቃለ መጠይቅም ሆነ በሥልጠና ደረጃ ከአመልካች ምንም ክፍያ አይጠይቅም። ክፍያ የጠየቀሽ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ከዚህ በላይ ማጣራት አያስፈልገውም።

አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አካል ስለሆነ ተለማማጅ የሚቀበለው «ኢንስፒራ» በሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት በኩል ነው። በአካል የሚቀርብ ሲቪ እዚያ ዋጋ የለውም። ማመልከት የሚችለው የመጀመሪያ ዲግሪውን የመጨረሻ ዓመት የሚማር፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሆነ፣ ወይም ከተመረቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ልምምዱን የሚጀምር ሰው ነው። ልብ በይ፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ልምምዱ እስኪጀመር ነው እንጂ ማመልከቻው እስኪላክ አይደለም። ከማስታወቂያ እስከ ምርጫ ወራት ስለሚፈጅ ሰኔ ላይ የተመረቀች ልጅ እስከ ጥር ካላመለከተች ጊዜው በላይዋ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ልምምዱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ደመወዝ የለውም፤ መጓጓዣና የሕክምና መድን በራስሽ ነው። እነ ዩኒሴፍ፣ ዩኤንዲፒና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግን ለተለማማጅ ድጎማ ይከፍላሉ። ክፍያ የሌለው ወር ቤተሰብሽ የማይችለው ከሆነ ከእነሱ ጀምሪ፤ ይህን ማስላት ነውር የለውም።

ማመልከቻሽ መልስ ያጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ተመሳሳይ የማመልከቻ ደብዳቤ ለሁሉም መላክ። የኢንስፒራ ማስታወቂያ ደብዳቤው ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት ራሱ ይዘረዝራል። የዲግሪሽ ስም፣ የምትመረቂበት ወይም የተመረቅሽበት ቀን፣ በደንብ የምትሠሪባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ በልምምዱ የተሳብሽበት ምክንያት፣ ለዚያ ቦታ የምትመጥኚበት ምክንያት። መራጩ እነዚህን በቅደም ተከተል ስለሚፈልግ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፊ፣ ከአንድ ገጽም አትለፊ። «የግል ታሪክ» የሚለው ቅጽም ሲቪ ከማያያዝ ጋር አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ሳጥን መሞላት አለበት፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽ፣ በክበብ ውስጥ የያዝሽው ኃላፊነት፣ በምርጫ ታዛቢነት ወይም በመረጃ ሰብሳቢነት የሠራሽው አጭር ሥራ ሁሉ እዚያ ይግባ። ባዶ ሳጥን ያለው ቅጽ ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ ሊወድቅ ይችላል።

በአፍሪካ ኅብረት በኩል ለአዲስ ተመራቂ የሚመቸው እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 35 የሆነ የአባል አገር ዜጋ ይወዳደራል፤ አገልግሎቱ 12 ወር ነው። እዚህ ላይ ፈረንሳይኛ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ ስብሰባ ላይ ማስታወሻ መያዝ እስከሚያስችል ድረስ ያወቀች ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚወዳደሩት ቀድማ ትታያለች። ሥራ እየፈለግሽ ባለሽበት በዚህ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ኮርስ ብትጀምሪ ሃያ አንደኛውን ማመልከቻ ከመላክ ይበልጥ ይጠቅምሻል ብለን እናምናለን።

እስከዚያው የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከቤት ሆነው የሚሠሩ የኦንላይን ሥራዎችን ያወጣል። አርትዖት፣ ትርጉምና የመረጃ ማጠናቀር ናቸው። ክፍያ ባይኖረውም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርተሽ በስምሽ የሚመሰከር ሥራ ታገኛለሽ።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ፖለቲካ ሳይንስ መርጣ ገብታለች። ዘመድ ሁሉ «ያለ ፓርቲ ሥራ የለውም፣ ትቀይር» ይለኛል። ልጄን ማስከፋት አልፈልግም፤ ግን ሥራ ፈትታ እንድትቀመጥም አልሻም። እውነቱን ንገሩኝ። (ከደሴ፣ አባት)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እውነቱን እንንገርዎ። የሕክምና ወይም የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ የሙያ ስም ይዞ ይወጣል፤ ይህኛው አይዝም። «የፖለቲካ ሳይንቲስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ሪፖርተር ላይ ሲወጣ እምብዛም አያዩም። ሥራዎቹ የሚወጡት በሌላ ስም ነው፤ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ፣ የሰላም ግንባታ ፕሮጀክት ኦፊሰር፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ የሰላምና ጸጥታ ባለሙያ፣ የኤምባሲ የፖለቲካ ረዳት፣ ጋዜጠኛ፣ የጥናት ረዳት። ስለዚህ ልጅዎ ማስታወቂያ ስታነብ የሥራ መደቡን ስም ሳይሆን «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን ሳጥን ታንብብ። «ገቨርናንስ፣ የሕዝብ አስተዳደር ወይም ተዛማጅ» ካለ ታመልክት፤ ከተማረቻቸው ኮርሶች ውስጥ ተዛማጅነቱን የሚያሳዩትን ዘርዝራ ታያይዝ። ይህን ባለማድረግ ብቻ ከምዝገባ ጠረጴዛ የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

የሲቪል ማኅበረሰቡን ዘርፍ ትንሽ ላብራራልዎ፤ ብዙ ተመራቂ የሚያስበው እዚያ ነውና። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በግጭት አፈታት መሥራት አይችልም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አነሳና ለፖለቲካ ሳይንስ ተመራቂ የሚስማሙ ቦታዎች ተከፈቱ። ይሁንና የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ የውጭ ዕርዳታውን አቁሞ ዩኤስኤይድን በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ሲዘጋ በርካታ ፕሮጀክቶች ተቋርጠዋል። ዛሬ ለአንድ ጀማሪ ቦታ ልጅዎ የምትወዳደረው የአምስት ዓመት ልምድ ይዞ ሥራ ካጣ ሰው ጋርም ነው። ይህን አንሸሽግዎትም። ቢሆንም አዲስ ተመራቂ አሁንም የሚቀጠርበት ምክንያት አለ፤ መረጃ ሰብስባ፣ አጽድታ፣ በሁለት ገጽ መጻፍ የምትችል ልጅ በየመሥሪያ ቤቱ ትፈለጋለች።

ስለ ፓርቲው የሚባለውን በተመለከተ፣ አባልነት አንዳንድ በር ይከፍት ይሆናል፤ የሚዘጋውም በር ግን እንዳለ ይወቁ። ለምሳሌ የፓርቲ አባል የሆነ ሰው የምርጫ አስፈጻሚ መሆን አይችልም። ገለልተኛ የመብትና የጥናት ተቋማትም የሚቀጥሩትን ሰው ወገንተኝነት ይመለከታሉ። ልጅዎ በ20 ዓመቷ፣ ለሥራ ብላ ብቻ፣ እንዲህ ያለ ውሳኔ ባትወስን እንመርጣለን። አምናበት ከሆነ የራሷ መብት ነው።

ትምህርቱን ከወደደችው አያስቀይሯት። ከእርስዎ የሚጠበቀው ሌላ ነገር ነው፤ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በየክረምቱ አንድ ወር እንኳ ቢሮ ውስጥ እንድትውል የትራንስፖርት ወጪዋን ይሸፍኑላት። የመውጫ ፈተናውንም አይርሱት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ100 ቢያንስ 50 ያላመጣ ተማሪ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ፈተናው ከአራቱም ዓመት ኮርሶች ስለሚወጣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማስታወሻ እንዳትጥል ይንገሯት።

ጥያቄ፦ ዲፕሎማት ለመሆን አጭሩ መንገድ የቱ ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ አጭር መንገድ የለውም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጀማሪ ሲፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ ይፈትናል። ከዚያ ከአታሼ ተነስተህ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ ጸሐፊ እያልክ ነው የምትወጣው፤ አምባሳደርነት ደግሞ የሹመት ጉዳይ ነው። ለፈተናው የሚያዘጋጅህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጥርት አድርጎ ማጠቃለል ነው። አንድ ባለ 20 ገጽ ሰነድ አንብብ፣ በአንድ ገጽ አሳጥረው፣ ከዚያ በሌላኛው ቋንቋ ድገመው። በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ወር ከሠራህ ለውጡን ታየዋለህ። የ1961ዱን የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ሙሉውን አንብብ፤ 53 አንቀጽ ብቻ ነው፣ የሚያነበው ተማሪ ግን ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ያሉ የውጭ ኤምባሲዎች ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት የፖለቲካ ክፍል ሥራም አለ፤ ዲፕሎማት ባያደርግህም የሪፖርት አጻጻፉን ያስተምርሃል።

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት ኢንተርን ሆኜ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ማንሳትና የስብሰባ አዳራሽ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ልተወው? (ከሐዋሳ፣ ሴት ተማሪ)

መልስ፦ ገና አትተዪው። ፎቶ ኮፒ የሚያዙሽ ሊያዋርዱሽ ብለው ላይሆን ይችላል፤ ምን እንደምትችዪ ስለማያውቁ ነው። አዳራሹን ካዘጋጀሽ በኋላ ግን አትውጪ። ኋላ ወንበር ይዘሽ ቃለ ጉባዔ ጻፊ። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ ሰዎች፣ አጀንዳ፣ የተወሰነው፣ የሚፈጽመው ሰው፣ የሚፈጸምበት ቀን። ማን ምን አለ የሚለውን ክርክር አሳጥሪውና ውሳኔውን በትክክል ያዢ። በማግስቱ ጠዋት ለኃላፊሽ «የትናንቱን ስብሰባ አጠናቅሬዋለሁ፤ ይዩልኝ» ብለሽ ላኪላቸው። ሁለት ጊዜ ካደረግሽው ሦስተኛውን እሳቸው ይጠይቁሻል።

ጎን ለጎን ደግሞ ለማሳየት የሚሆን የራስሽን ሥራ አዘጋጂ። አፍሮባሮሜትር ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች ያካሄደውን የሕዝብ አስተያየት ጥናት መረጃ በነፃ ያወጣል። አክሌድ የግጭት ክስተቶችን ይመዘግባል፤ አካውንት ከፍተሽ የሚፈቀድልሽን መረጃ ማውረድ ትችያለሽ። ከአክሌድ የአንድ ዞን የስድስት ወር መረጃ ወስደሽ በኤክሴል በክስተት ዓይነት ከፋፍዪው፤ ውጊያ፣ ፍንዳታና የርቀት ጥቃት፣ በሲቪሎች ላይ የተፈጸመ ጥቃት፣ የተቃውሞ ሰልፍ፣ ሁከት፣ ስትራቴጂያዊ ለውጥ። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን ልብ በይ። በሰንጠረዡ አንድ መስመር ማለት አንድ ክስተት በአንድ ቦታ በአንድ ቀን ነው። ሦስት ቀን የቆየ ውጊያ ሦስት መስመር ይይዛል። መስመር ቆጥረሽ «ግጭቱ ሦስት እጥፍ ጨመረ» ብትዪ የሚያውቅ ሰው ፊት ታፍሪያለሽ። የሟቾች ቁጥርም ግምት ስለሆነ ከምንጩ ዓይነት ጋር አብሮ ይነበባል። ስልክ ላይ መጠይቅ የሚሞላበትን ኮቦ ቱልቦክስንም ተማሪ። 15 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሠርተሽ በአምስት ጓደኞችሽ ሞክሪው፤ የትኛው ጥያቄ ሁለት ትርጉም እንደሚሰጥ ወዲያው ይታይሻል። ይህ ሁሉ ከሁለት ገጽ ማስታወሻ ጋር ሲቀርብ «ምን ትችያለሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ሁለቱን አድርገሽ በሦስተኛው ወር መጨረሻም ምንም ካልተለወጠ አመስግነሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ለውጭ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ኢንተርንሺፕ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠራል? (ከጎንደር)

መልስ፦ እንደ ስኮላርሺፑ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሳምንት 35 ሰዓት ቢሠራ 80 ሳምንት ማለት ነው። ዲግሪህን ለማግኘት ግዴታ የነበረ ልምምድ ግን አይቆጠርም። ካለቀ በኋላም ሁለት ዓመት ወደ አገርህ ትመለሳለህ። አገር ውስጥ ለመማር ከፈለግህ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ተዘጋጅ።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ልምምዴን ጨርሻለሁ። ስወጣ ምን ወረቀት ልያዝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ «እገሌ እኛ ጋር ተለማምዷል» የሚል ሁለት መስመር ምስክር ወረቀት ተቀብለህ እንዳትወጣ። የጀመርክበትና የጨረስክበት ቀን፣ በሳምንት የሠራኸው ሰዓት፣ የሥራ ክፍሉ ስም፣ የሠራሃቸው ዋና ዋና ሥራዎች፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ማህተምና የወጪ ቁጥር ይኑረው። ለሥራዎቹ ዝርዝር ረቂቁን አንተው ጽፈህ ስጣቸው፤ ጊዜ ስለሚቆጥብላቸው በአብዛኛው ይቀበሉታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከግል ወይም ከድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ሲቀበል የደመወዝ መጠንና ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ ክፍያ የሌለው ልምምድህ እንደ አገልግሎት ዘመን አይያዝልህም። ስለዚህ ለመንግሥት መደብ ስታመለክት «0 ዓመት» የሚለው ላይ ተወዳደርና ልምምዱን ለቃለ መጠይቁ አቆየው። ለድርጅት ስታመለክት ግን ሲቪህ ላይ ከላይ ይቀመጥ። ወረቀቱን ከመውጣትህ ሁለት ሳምንት በፊት ጠይቅ፤ ፈራሚው ኃላፊ መስክ ከወጣ ወይም ከተቀየረ ያንተን ሥራ የሚያውቅ ሰው ላታገኝ ትችላለህ። የቅርብ ተቆጣጣሪህን የግል ኢሜይልም በፈቃዳቸው ያዝ፤ ቀጣሪ ስለ አንተ ሲጠይቅ የሚደርሰው እሳቸው ጋር ነው።